ጨዋታን መንደፍ፦ ከዳይስ ሒሳብ እስከ መተዳደሪያ ሙያ

ዳማ፣ ገበጣ፣ ሉዶ ወይም ቼዝ ስንጫወት «ይህን ጨዋታ የሠራው ማን ነው?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። መጽሐፍ ደራሲ፣ ሕንፃም መሐንዲስ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ጨዋታ ግን ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ፣ ማንም ያልሠራው ነገር ይመስለናል። ስለ አሮጌዎቹ ጨዋታዎች ይህ አመለካከት ከእውነት ብዙም አይርቅም፤ የገበጣን ፈልሳፊ በስም የሚያውቅ የለምና። ስለ ዛሬዎቹ ጨዋታዎች ግን ነገሩ የተለየ ነው። አሁን በዓለም ገበያ የሚቀርቡት አዳዲስ የሰሌዳ ጨዋታዎች አብዛኞቹ የታወቀ ነዳፊ አላቸው። ጀርመኖችም ይህን ባለሙያ የሚጠሩት «የጨዋታ ደራሲ» በሚል ስያሜ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሰሌዳ ጨዋታ የምንለው ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በሰሌዳ፣ በካርድ፣ በዳይስ ወይም በጠጠር የሚጫወቱትን ማንኛውንም ጨዋታ ነው። ተማሪዎቻችን የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርት ከመምህርነትና ከቢሮ ሥራ ውጭ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ደጋግመው ይጠይቁናል። ከመልሶቹ አንዱ፣ ምናልባትም ከሁሉ ያልተጠበቀው፣ ይህ ሙያ ነው። የጨዋታ ንድፍ ከድንገተኛ ተሰጥኦ ይልቅ ሞዴል መሥራትን፣ የመከሰት ዕድልን ማስላትንና በሙከራ ማረምን የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ከዚያም ሥራው እንጀራ የሚሆነው መቼና እንዴት እንደሆነ፣ ችግሩን ሳንሸፋፍን እንገልጻለን። የሕግ አዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታ እንደ ሞዴል

በፊዚክስ ሞዴል ስንሠራ ከተፈጥሮ ውስጥ ጥቂት ነገሮችን መርጠን ሌላውን እንተዋለን። የፔንዱለምን እንቅስቃሴ ስናጠና የክሩን ቀለም አንጠይቅም፤ ርዝመቱንና የስበትን ኃይል ብቻ እንይዛለን። የጨዋታ ነዳፊም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ንግድን፣ እርሻን፣ ጦርነትን ወይም የወፎችን ኑሮ ወስዶ ወደ ጥቂት ሕጎች ያሳጥረዋል። ልዩነቱ የእኛ ሞዴል የሚፈተነው ከተፈጥሮ ጋር በመስማማቱ ሲሆን የእርሱ ግን ሰዎች ተጫውተው «እንድገመው» በማለታቸው መሆኑ ነው።

ጥቂት ሕግ ምን ያህል ሰፊ ዓለም እንደሚፈጥር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ገበጣን እንመልከት። ጉድጓዶችና ጠጠሮች አሉ፤ ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች አንሥቶ በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ይዘራል። ሕጉን ለልጅ በደቂቃዎች ማስረዳት ይቻላል። የገበጣ ዘመድ የሆነውንና አዋሪ የሚባለውን የምዕራብ አፍሪካ ጨዋታ በ2002 በአምስተርዳም ፍሪዬ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሮሜይንና ሄንሪ ባል በኮምፒዩተር መርምረውት ነበር። ይህ ጨዋታ 12 ጉድጓዶችና 48 ጠጠሮች ብቻ አሉት። ተመራማሪዎቹ ሊከሰቱ የሚችሉትን 889,063,398,406 አቀማመጦች በሙሉ ካሰሉ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ያለ ስሕተት ከተጫወቱ ውጤቱ አቻ መሆኑን አረጋገጡ። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሕግ ወደ ዘጠኝ መቶ ቢሊዮን የሚጠጉ ሁኔታዎችን ወልዷል ማለት ነው።

ሌላው የአገራችን ምሳሌ ሰንጠረዥ የተባለው የቀድሞው የኢትዮጵያ ቼዝ ነው። በዓለም በታወቀው ቼዝ ሁለቱ ተጫዋቾች በየተራ ያንቀሳቅሳሉ። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ግን ተራ አልነበረም። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ሳይጠባበቁ እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም የመክፈቻ ምዕራፍ ወረራ ይባል ነበር። ዛሬ በርካታ ነዳፊዎች ተጫዋች ተራውን እየጠበቀ እንዳይሰለች ሲሉ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱባቸውን ሕጎች ይፈልጋሉ። የእኛ አባቶች ለዚህ ችግር አንድ መልስ ነበራቸው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ሰንጠረዥ ያሳተሟቸው ጥናቶች ለነዳፊ ተማሪ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

ዕድልን በልክ መስጠት

ዳይስ የሌለበት ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ጎበዙን ብቻ ያሸንፋል፤ ዳይስ ብቻ የሆነ ጨዋታ ደግሞ ማሰብን ከንቱ ያደርጋል። የነዳፊው ጥበብ ሁለቱን በልክ ማደባለቅ ነው። ይህን ለማየት ካታን የተባለውን ጨዋታ እንውሰድ። ካታን በጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር ተነድፎ በ1995 የወጣና እስካሁን ከ30 ሚሊዮን ቅጂዎች በላይ የተሸጠ ጨዋታ ነው።

ሰሌዳው ከ19 ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጮች የሚሠራ ደሴት ነው። አንዱ ቁራጭ በረሃ ሲሆን የቀሩት 18 ቁራጮች እንጨት፣ ሸክላ፣ ሱፍ፣ እህል ወይም ማዕድን ያስገኛሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ ከ2 እስከ 12 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ይቀመጣል፤ 7 ግን አይገባም። ተጫዋቹ ሁለት ዳይስ ይጥላል፤ ድምራቸው 8 ከሆነ 8 ቁጥር ያለባቸው ቁራጮች ያመርታሉ፤ በአጠገባቸው መንደር የሠራ ሁሉ ምርቱን ይወስዳል። ተጫዋቾች በምርቱ መንገድና መንደር ይሠራሉ፤ እርስ በርስም ይለዋወጣሉ። አስቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሁለት ዳይስ 6 × 6 = 36 የተለያዩ ውጤቶችን ይሰጣሉ። ድምሩ 2 የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው (1 እና 1)። ድምሩ 6 የሚሆነው በ5 መንገዶች ነው (1+5፣ 2+4፣ 3+3፣ 4+2፣ 5+1)። ድምሩ 7 የሚሆነው ደግሞ በ6 መንገዶች ነው። ስለዚህ የ6 ዕድል 5/36 ወይም 13.9 በመቶ ገደማ ሲሆን የ2 ዕድል 1/36 ወይም 2.8 በመቶ ገደማ ነው። መንደሩን በ5፣ በ6 እና በ8 መካከል የሠራ ተጫዋች በእያንዳንዱ ውርወራ ምርት የማግኘት ዕድሉ 4/36 + 5/36 + 5/36 = 14/36፣ ማለትም 39 በመቶ ገደማ ይሆናል። ማሰብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ አማካይ ውጤት ዕጣ ፈንታ አይደለም። በአንድ ጨዋታ ዳይሱ 60 ጊዜ ተጣለ እንበል። የ6 አማካይ ድግግሞሽ 60 × 5/36፣ ማለትም 8.3 ነው። መደበኛ ልይይቱ ደግሞ 2.7 ገደማ ይሆናል። እንግዲያውስ 6 ቁጥር 5 ጊዜ ብቻ ወይም 11 ጊዜ ቢወጣ የሚያስደንቅ አይሆንም። 2 ቁጥር በ60 ውርወራ ውስጥ አንድም ጊዜ ያለመውጣት ዕድሉ (35/36) በ60 ኃይል፣ ማለትም 18 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ የተነሣ አዋቂው ተጫዋች ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ ጀማሪውም አንዳንድ ጊዜ ያሸንፋል። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሁለቱም ተስፋ የሚኖራቸው በዚህ ልይይት ምክንያት ነው። ነዳፊው ሁለት ዳይስ በመምረጡ ብቻ ይህን ወስኗል፤ በምትኩ ከ2 እስከ 12 እኩል ዕድል የሚሰጥ ማሽከርከሪያ ቢጠቀም ኖሮ ቦታ የመምረጥ ብልሃት ትርጉሙን ባጣ ነበር።

ባለጸጋው ይበልጥ እንዳይበለጽግ

የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ስለ ግብረ መልስ ያስተምራሉ። የአንድ ሥርዓት ውጤት ተመልሶ ያንኑ ውጤት የሚያሳድግ ሲሆን አዎንታዊ ግብረ መልስ እንለዋለን። ማይክሮፎን ከድምፅ ማጉያው ሲቀርብ የሚሰማው ፉጨት የዚህ ምሳሌ ነው። በጨዋታም መንደር ያለው ምርት ያገኛል፤ በምርቱ ሌላ መንደር ይሠራል፤ ሁለቱ መንደሮችም የበለጠ ምርት ይሰጡታል። የዕድገቱ ፍጥነት ካለው ሀብት ጋር ተመጣጣኝ ከሆነ ውጤቱ ኤክስፖኔንሻል ዕድገት ነው። መጀመሪያ ላይ በጥቂቱ የቀደመ ሰው መጨረሻ ላይ የማይደረስበት ይሆናል። ሞኖፖሊ የተጫወቱ አንባቢያን ይህን ያውቁታል፤ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ጨዋታው ለረጅም ሰዓት ይቀጥላል፤ ተሸናፊዎችም አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ይነሣሉ።

ነዳፊው ለዚህ ፍሬን ያበጃል። በካታን ዳይሱ 7 ሲያሳይ ከ7 በላይ ካርድ የያዘ ሁሉ ግማሹን ይመልሳል። ዳይሱን የጣለው ሰው ደግሞ ሽፍታውን አንሥቶ በፈለገው ቁራጭ ላይ በማስቀመጥ የዚያን ቦታ ምርት ያስቆማል። ሰው በተፈጥሮው ሽፍታውን የሚልከው ወደ ቀደመው ተጫዋች ነው። ከዚህም ሌላ ከመሪው ጋር የሚለዋወጥ ይጠፋል። ይህ አሉታዊ ግብረ መልስ ነው። በጣም ከጠበቀ ጥረትን ያመክናል፤ በጣም ከላላ ደግሞ ጨዋታው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያልቃል። ትክክለኛው ልክ ከቀመር ብቻ አይገኝም። ለዚህም ነው ቀጣዩ ደረጃ ሙከራ የሚሆነው።

ሙከራና የስሕተት ወሰን

የመጀመሪያው ናሙና ርካሽና አስቀያሚ መሆን አለበት። ካርቶን፣ መቀስ፣ እርሳስ፣ ቆርኪና ባቄላ ይበቃሉ። በሚያምር ኅትመት የተሠራ ናሙና ሠሪውን ያሳሳዋል፤ የደከመበትን ነገር ቀድዶ ለመጣል ይከብደዋልና።

ሙከራው በሦስት ደረጃ ይካሄዳል። በመጀመሪያ ነዳፊው ብቻውን የሁሉንም ተጫዋቾች እጅ እየያዘ ይጫወታል፤ በዚህም ሕጉ የማይሠራበት ቦታ ይገለጣል። ቀጥሎ ቤተሰብና ጓደኞች ይጫወታሉ። ቶይበርም ናሙናዎቻቸውን በቤታቸው ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ይሞክሩ ነበር። በሦስተኛው ደረጃ ጨዋታው ነዳፊውን ለማያውቁ ሰዎች ከተጻፈው ሕግ ጋር ይሰጣል፤ እርሱም በዝምታ ይቀመጣል። ከባዱ ይህ ነው። ተጫዋቾቹ ሕጉን አጣመው ሲረዱ ማስረዳት አይፈቀድለትም፤ የት ላይ እንደተሰናከሉ መጻፍ ብቻ ነው ያለበት። ሣጥኑ ከተሸጠ በኋላ ደራሲው ከገዢው ቤት ተገኝቶ ሊያብራራ አይችልምና። ሕግን በጥራት መጻፍ የላቦራቶሪ መመሪያ ከመጻፍ አይለይም፤ በዚህም ረገድ የሳይንስ ተማሪ ብልጫ አለው።

በሙከራ ጊዜ ቁጥርን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ለሁለት ሰው የሚሆን ጨዋታ ሠርተን በ10 ሙከራ ውስጥ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው 6 ጊዜ አሸነፈ እንበል። ጀማሪው ያለ አግባብ ይጠቀማል ማለት ነውን? አይደለም። ጨዋታው ፍጹም ሚዛናዊ ቢሆንም በ10 ሙከራ የሚጠበቀው 5 ሲሆን መደበኛ ልይይቱ 1.6 ገደማ ነው፤ ስለዚህ 6 ምንም አይነግረንም። በ100 ሙከራ 60 ጊዜ ቢያሸንፍ ግን መደበኛ ልይይቱ 5 በመሆኑ የሁለት ልይይት ርቀት አለ፤ ጥርጣሬ ይገባናል። አንጻራዊው ስሕተት የሚቀንሰው በሙከራው ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ሙከራውን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ነው። መቶ ጊዜ በትዕግሥት የሚጫወት ጓደኛ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በዚህ ጊዜ አጭር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽፎ ጨዋታውን አሥር ሺህ ጊዜ ማስመሰል ይቻላል።

ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚነግረን ስለ ሚዛን እንጂ ስለ ደስታ አይደለም። በአማርኛ «ጨዋታ» ማለት ወግም ማለት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዎች በጠረጴዛው ዙሪያ ሲስቁ፣ ሲከራከሩ፣ ሲለማመጡ ማየት ከማንኛውም ስሌት በላይ የሚመዘን መረጃ ነው። ተጫዋቾች ስልካቸውን መመልከት የጀመሩበት ደቂቃ በማስታወሻ ላይ መስፈር አለበት።

ሙያተኞቹ ከየት ተነሡ?

በዚህ ሙያ የታወቁት ሰዎች ሕይወት አንድ የጋራ ገጽታ አለው፤ አብዛኞቹ ከሌላ ሥራ የመጡ ናቸው።

አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጡ አሜሪካዊ የሕንፃ ነዳፊ ነበሩ። ስክራብል ተብሎ የታወቀውን የቃላት ጨዋታ ሲሠሩ ፊደላቱ በእንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚደጋገሙ ለማወቅ የኒው ዮርክ ታይምስን የፊት ገጽ ፊደላት ቆጠሩ። በ100ዎቹ ጠጠሮች ላይ ያለው የፊደላት ድልድል የተነሣው ከዚህ ቆጠራ ነው። አሳታሚዎች ግን አልተቀበሏቸውም። ጄምስ ብሩኖት የተባሉ ሰው በ1948 መብቱን ተረክበው ማምረት ጀመሩ፤ በ1949 ግን 2,400 ያህል ሣጥኖች ሠርተው 450 ዶላር ከሰሩ። ጨዋታው ገበያ ያገኘው ከ1952 ወዲህ ነው።

ሪቻርድ ጋርፊልድ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በኮምቢናቶሪክስ ዶክትሬታቸውን ያገኙት በ1993 ነው። ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የካርድ ጨዋታቸውም የታተመው በዚያው ዓመት ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ተጫዋች ከብዙ ካርዶች መካከል የራሱን ስብስብ እንዲመርጥ ይጠይቃል፤ ይህም በመሠረቱ የኮምቢናቶሪክስ ጥያቄ ነው። በኋላም የዩኒቨርሲቲ መምህርነታቸውን ትተው ወደ ንድፍ ተሸጋገሩ። ጀርመናዊው ራይነር ክኒዝያ በኡልም ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ዶክተር ሲሆኑ በባንክ ይሠሩ ነበር። ከ1997 ጀምሮ ሙሉ ጊዜያቸውን ለንድፍ ሰጡ፤ እስካሁን ያሳተሟቸው ጨዋታዎች ከ600 ይበልጣሉ።

ክላውስ ቶይበር የጥርስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበሩ። የጀርመንን «የዓመቱ ጨዋታ» ሽልማት በ1988፣ በ1990 እና በ1991 ካገኙ በኋላም ሥራቸውን አልለቀቁም። በ1995 ካታን ለአራተኛ ጊዜ ሽልማቱን አስገኘላቸው፤ ላቦራቶሪውን የተዉት ግን ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቆይተው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2023 አርፈዋል። አሜሪካዊቷ ኤልሳቤት ሃርግሬቭ ደግሞ የጤና ፖሊሲ ተንታኝ ሆነው እየሠሩ፣ ስለ ወፎች የሰበሰቡትን መረጃ በሰንጠረዥ አደራጅተው ዊንግስፓን የተባለውን ጨዋታ ነደፉ። ጨዋታው 170 የወፍ ካርዶችን ይዞ በ2019 ወጥቶ በዚያው ዓመት በጀርመን ለልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንማረው ግልጽ ነው። የቀን ሥራው ለንድፉ እንቅፋት ብቻ አልነበረም፤ ዕውቀትም ትዕግሥትም ሰጥቶታል። ሦስት ጊዜ የተሸለመ ሰው ደመወዙን ሳይለቅ ከቆየ፣ አንድም ጨዋታ ያላሳተመ ወጣት ሥራውን ጥሎ እንዲገባበት የምንመክርበት ምክንያት የለም።

ስምና ክፍያ

ሙያ ያለ ስምና ያለ ክፍያ አይቆምም። ለዚህ የኤልሳቤት ማጊ ታሪክ ማስረጃ ነው። እኒህ አሜሪካዊት የመሬት ባለቤትነት በጥቂቶች እጅ ሲከማች የሚያስከትለውን ጉዳት ለማስተማር አንድ ጨዋታ ነድፈው በ1904 ፓተንት አገኙ። ጨዋታው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ተለዋውጦ በ1935 ሞኖፖሊ በሚል ስም በሌላ ሰው ፈልሳፊነት ታተመ። ማጊ ለፓተንታቸው የተከፈላቸው 500 ዶላር ነበር፤ ከሽያጩ ድርሻ አልነበራቸውም። ስማቸው በሰፊው የታወቀው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የጀርመን ነዳፊዎች ሌላ መንገድ መረጡ። በ1988 በኑረምበርግ የመጫወቻ ዕቃዎች ዐውደ ርዕይ ወቅት የተሰበሰቡ ደራሲያን፣ ስማቸውን በሣጥኑ ክዳን ላይ ለማይጽፍ አሳታሚ ጨዋታ ላለመስጠት በአንድ የቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን ላይ ተፈራረሙ። በ1991 ደግሞ ማኅበራቸውን መሠረቱ። ዛሬ በየዓመቱ በኤሰን ከተማ በሚካሄደው ታላቅ የጨዋታ ትርዒት ላይ ሰዎች መጽሐፍ እንደሚገዙ ሁሉ የደራሲውን ስም አይተው ጨዋታ ይገዛሉ። በ2019 ይህን ትርዒት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ጎብኝተውታል።

ክፍያውስ? የተለመደው አሠራር ነዳፊው ከአሳታሚው የጅምላ ሽያጭ መቶኛ ድርሻ ማግኘቱ ነው፤ ለጀማሪ ከ5 እስከ 8 በመቶ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ልክ ነው። ለምሳሌ የጅምላ ዋጋው 20 ዶላር፣ ድርሻው 6 በመቶ፣ የመጀመሪያው ኅትመት 3,000 ቅጂ ቢሆን ነዳፊው 3,600 ዶላር ያገኛል። ሥራው ሁለት ዓመት ወስዶ ከሆነ በወር 150 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከጨዋታ ብቻ የሚተዳደሩት ወይ ብዙ ጨዋታ ያላቸው ናቸው፣ ወይ አንዱ ሥራቸው ለዓመታት የተሸጠላቸው ናቸው። ሌሎቹ ከንድፉ ጎን ለጎን ሕግ ያርማሉ፣ ሥዕል ይሥላሉ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለድርጅቶች የማስተማሪያ ጨዋታ ይሠራሉ።

ስለ መብት ጥበቃም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ እንደ ሌሎች አገሮች ሕግ ሁሉ፣ ጥበቃ የሚሰጠው ሐሳቡ ለተገለጸበት መልክ እንጂ ለሐሳቡ፣ ለዘዴው ወይም ለአሠራሩ አይደለም። የተጻፈው የሕግ ጽሑፍና ሥዕሉ የደራሲው ናቸው፤ «ጠጠር አንሥቶ መዝራት» የሚለው ዘዴ ግን የማንም አይደለም። በመሆኑም ሐሳብን በመሳቢያ ቆልፎ መጠበቅ ብዙ አይጠቅምም። ጨዋታውን ለብዙ ሰዎች አሳይቶ ማሻሻል፣ የሙከራ ማስታወሻዎችን ከነቀናቸው ማስቀመጥ፣ ከአሳታሚ ጋር ሲዋዋሉም ስም በሣጥኑ ላይ እንዲወጣና ኅትመቱ ሲቋረጥ መብቱ እንዲመለስ በጽሑፍ ማስፈር ይሻላል።

አንድ ክፍት ጥያቄ፦ የፊደል ጨዋታ በአማርኛ

ለአንባቢያን መልመጃ የሚሆን አንድ የንድፍ ጥያቄ እናቅርብ። የበትስን ዘዴ ተከትለን በአማርኛ የቃላት ጨዋታ እንሥራ ብንል ምን ይገጥመናል? እንግሊዝኛ 26 ፊደላት ሲኖሩት እኛ ቨን ሳንቆጥር 33 ቤተሰቦች በሰባት ሰባት ድምፅ፣ በጠቅላላው 231 ፊደላት አሉን። 100 ጠጠር ለ231 ፊደላት አንድ አንድ እንኳ አይደርስም።

አንደኛው መንገድ ጠጠሩ ቤተሰቡን ብቻ እንዲወክል ማድረግ ነው፤ «ለ» የተጻፈበት ጠጠር ሉም፣ ሊም፣ ላም ይሆናል። በድምፅ የሚመሳሰሉትን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ካዋሐድን 33ቱ ቤተሰቦች ወደ 28 ይወርዳሉ። 100 ጠጠር ለ28 ሲከፈል በአማካይ 3.6 ይደርሳል፤ ይህ የሚሠራ ቁጥር ነው። ግን ሌላ ችግር ይመጣል። እያንዳንዱ ጠጠር ሰባት መልክ ካለው ቃል መመሥረት እጅግ ይቀል ይሆን? ይህን የሚመልሰው ሙከራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ድግግሞሽ ነው። ከጋዜጣ 1,000 ፊደላት ቆጥራችሁ አንዱ ቤተሰብ 50 ጊዜ ቢገኝ የቆጠራው ስሕተት የ50 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 7 ገደማ ነው። ስለዚህ 50 እና 55 ጊዜ የተገኙትን ሁለት ቤተሰቦች ለመለየት አንድ ሺህ ፊደላት አይበቁም። ሦስተኛው ጉዳይ የሰዋስው ነው። በትስ በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር የሚያመለክተውን ኤስ የተባለውን ፊደል በአራት ጠጠር ብቻ ወሰኑት፤ ካልሆነ ማንም ሰው የሌላውን ቃል በአንድ ፊደል እያራዘመ ነጥብ ይሰበስብ ነበርና። በአማርኛም «ቤት» የሚለው ቃል «ች» ሲጨመርበት «ቤቶች» ይሆናል፤ «ን» ሲጨመርበትም «ቤትን»። እንግዲያውስ ቸ እና ነ በጽሑፍ የቱንም ያህል ቢደጋገሙ በሣጥኑ ውስጥ ስንት ይሁኑ? ወይስ ተቀጽላ የሚከለክል ሕግ ይውጣ?

በዚህ ጥያቄ ውስጥ እስታቲስቲክስም፣ ሥነ ልሳንም፣ ፕሮግራም መጻፍም አለ። ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ጋዜጣ፣ 100 ቆርኪና እስክሪብቶ ነው። ቆጠራውን አንድ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ የመጀመሪያውን ድልድል በሁለተኛው ቀን ያወጣል፤ በሦስተኛው ቀን ሦስት ጓደኞቹን ጠርቶ ያጫውታል። አራተኛው ቀን ድልድሉን የሚያርምበት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ብዙ ቀናትም ይህንኑ የሚደግሙ ናቸው፤ ሙያው የሚጀምረውም በዚህ ድግግሞሽ ውስጥ ነው።